ጠያቂ ይዞት የመጣው ሽሮፕ

መድኃኒቱን ልወቅስ አይደለም የተነሳሁት። መድኃኒቱ ጥሩ ነው፤ ልጄ ባለችበት ቤት ዛሬም አለ፣ ሲያማት ዛሬም እንሰጣታለን። የምወቅሰው ሰው ካለ ራሴን ነው። ራሴን በሰው ፊት መውቀስ ደግሞ ስለማልወድ ይህን እስክጽፍ ብዙ ወራት ፈጅቶብኛል። ልጅ ያላችሁ፣ በተለይ እንደኔ ልጃችሁን አያት ዘንድ ትታችሁ ከተማ የምትሠሩ፣ ታገሱኝና እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ሙሉነሽ እባላለሁ። ደብረ ብርሃን አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ሥራው በሽፍት ነው፤ አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት፣ አንድ ሳምንት ሌሊት። ልጄ ረድኤት ሁለት ዓመት ሳይሞላት አባቷ ታሞ ሞተብን፣ ሥራውን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። አማቴ እማማ አስካለ የሚኖሩት አንኮበር፣ ጎረቤላ ከተማ ዳር ነው። ሥራ ልጀምር ስል፣ «የልጄን ልጅ ለሠራተኛ ትተሽ ልትሄጂ? በይ እስክትቋቋሚ ድረስ እኔ ዘንድ ትቀመጥ» አሉኝ። እስክትቋቋሚ የተባለው ነገር ይኸው አራት ዓመት ሞላው።

በየአሥራ አምስት ቀኑ እሄዳለሁ። መንገዱ ሩቅ አይደለም፣ ሚኒባሱ ቶሎ ከሞላ ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት መመለስ ይቻላል። ረድኤት አያቷን «እማ» ትላለች። እኔን አያቷ እንደሚጠሩኝ «ሙሉ» ነው የምትለኝ። ስመጣ ትስቃለች፣ ያመጣሁላትን ብስኩት ትበላለች፣ ስሄድ እጇን ታውለበልብልኛለች። አታለቅስም። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት፣ አታስቸግርም» ይላል። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ቀሚሴን ይዛ ብታስቸግረኝ ብዬ ነው የምመኘው። መኪናው ውስጥ ገብቶ የሚያለቅሰው ሌላ ማንም አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ተከራይቼ በምኖርባት ክፍል ውስጥ ትንሽ አልጋ ገዝቼ አስገብቻለሁ። ሦስት ጊዜ «ልውሰዳት» ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። ሦስት ጊዜም «ሌሊት ሥራ ስትገቢ ማን አቅፎ ያስተኛታል?» አሉኝ። የሚያናድደው እውነታቸውን መሆኑ ነው። ስለዚህ አልጋው ላይ የታጠበ ልብስ አስቀምጥበት ነበር።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ደወሉልኝ። «ሙሉ፣ ረዱ ጆሮዋን አመማት» አሉኝ። ለሁለት ቀን ጉንፋን ይዟት ነበር፤ የአንኮበርን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጤና ጣቢያ ወስደዋት፣ ባለሙያው በመብራት ጆሮዋን አይቶ «ትንሽ ቀልቷል፣ ከጉንፋኑ የመጣ ነው፣ ብዙ ጊዜ በራሱ ይድናል» ብሎ ለሕመሙ ማስታገሻ የሚሆን ቀይ ሽሮፕ ሰጥቷቸዋል። አብሮት ባለው መስፈሪያ እየለኩ፣ በየስድስት ሰዓቱ፣ በቀን ከአራት ጊዜ ሳይበልጥ። በሁለት ቀን ካልተሻላት፣ ወይም ከጆሮዋ ፈሳሽ ከወጣ ይመልሷት ብሏቸዋል። ሰውየው የሚባለውን ሁሉ ብሏል። እዚያ ላይ ብናቆም ኖሮ እኔም የምጽፈው ነገር አይኖረኝም ነበር።

እዚያ አገር ግን የታመመ ሰው ብቻውን አይተኛም። የአስካለ የልጅ ልጅ ታማለች ሲባል ሰፈሩ መጣ። ከመጡት አንዷ ጎረቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። ልጃቸው አዲስ አበባ ስላለ ቤታቸው መድኃኒት አይጠፋም። በነጠላቸው ጠቅልለው ነጭ ሽሮፕ ይዘው መጡ። «ይኼ ከውጭ የመጣ ነው፤ የኔዋ ጥርስ ስታበቅል በአንድ ቀን ነው ዝም ያሰኘልኝ» አሉ።

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። ጠያቂ ይዞት የመጣውን ነገር ተቀብሎ ጓዳ መክተት በኛ ዘንድ ነውር ነው። እንቁላል ያመጣ እንቁላሉ ተጠብሶ ሲበላ ያያል፣ ማር ያመጣ በሽተኛው ሲልሰው ያያል፣ ከዚያ «እግዜር ይማርሽ» ብሎ ይነሳል። መድኃኒት ያመጣም እንደዚያው ነው። እትዬ ጥሩወርቅ መደቡ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። እማማ አስካለ ቀዩን ከሰጧት ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም ነበር። ግን ያኛው ቀይ ነው፣ ይኼ ነጭ ነው። ያኛው የጤና ጣቢያ ነው፣ ይኼ የውጭ ነው። ሰጧት። ከዚያም እትዬ ጥሩወርቅ ነገም መጥተው እንደሚጠይቁ ስለሚያውቁ፣ ለነጩም የራሱን ሰዓት አበጁለት።

ሦስተኛው ጠርሙስ የኔ ነው።

ያን ሳምንት ከሰዓት ነበር የምገባው። ፈቃድ ስጠይቅ አለቃዬ «ጆሮዋን ነው አይደል ያመማት?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ጆሮዋን ነው። ሥራ ከመግባቴ በፊት ፋርማሲ ሄጄ «ለልጅ ሕመም ማስታገሻ፣ ጠንከር ያለ» አልኩ። ፋርማሲስቱ ዕድሜዋንና ክብደቷን ጠየቀኝ። ዕድሜዋን ነገርኩት። ክብደቷን አላውቅም ነበር፤ የገዛ ልጄን ክብደት ሳላውቅ ቆሜ አፈርኩ፣ ስላፈርኩም ገምቼ ነገርኩት። ሌላ የጀመረችው መድኃኒት እንዳለ ሲጠይቀኝ «የለም» አልኩ፤ ሰውየው እንዳይከለክለኝ ብዬ ነው። ብርቱካንማ ሽሮፕ ሰጠኝ። ወደ ጎረቤላ ለሚሄድ ሾፌር አደራ ብዬ ላክሁት። መሄድ ስላልቻልኩ ናፍቆቴን በጠርሙስ ነው የላክሁት።

ዓርብ ጠዋት ስደውል ረድኤት ራሷ ስልኩን ያዘች። «ሙሉ፣ ጆሮዬን» ብላ አለቀሰች። ስሜን ጠርታ ስታለቅስልኝ የመጀመሪያዋ ነው። ልናገር ካልኩ ሁሉንም ልናገር፤ እሷ እያለቀሰች እኔ አንድ ቦታ ላይ ደስ አለኝ። ፈለገችኝ አልኩ።

«እማማ፣ ያ የላክሁት ደረሰ? ይስጧት» አልኳቸው።

«አሁን ሰጥቻት የለ? ያንን ነጩን» አሉ።

«ያ ሌላ ነው። የኔው ከፋርማሲ ነው፣ ጠንካራ ነው። ይስጧት። ካልተሻላትም ትንሽ ይጨምሩላት።»

«እሺ፣ አንቺ ካልሽ» አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጆሮዋ ተሽሏት ነበር። ግን ትውከት ጀመራት። ቁርስ አልበላም አለች፣ ውኃም ሲሰጧት መለሰችው። እማማ አስካለ አላመነቱም፤ አዝለዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ደብረ ብርሃን ገቡ። ደውለውልኝ መናኸሪያ ስጠብቃቸው ረድኤት ጀርባቸው ላይ አንገቷን ጥላ አየኋት። «ረዱዬ» ስላት ዓይኗን ገልጣ አይታኝ መልሳ ጨፈነች።

ቅርብ ያለ የግል ክሊኒክ ይዘናት ገባን። ወረፋ ጠበቅን፣ ደም ሰጠች፣ እንደገና ጠበቅን። ውጤቱ ሲመጣ «ታይፎይድ አለባት» ተባለ። ታይፎይድ ያልተባለ ሰው አለ እንዴ? እኔ ራሴ ስንቴ ተብያለሁ። መርፌ ወጓትና «ማስታገሻ ሽሮፕ ካላት እሱን ቀጥሉላት» ብለው ሸኙን። የትኛውን ሽሮፕ ብሎ የጠየቀን የለም። እኛም አልነገርናቸውም።

ቤት ወስጄ ልብሱን ከትንሿ አልጋ ላይ አንስቼ አስተኛኋት። ስንት ዓመት የተመኘሁት ነገር እንደዚህ ሆኖ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከእማማ አስካለ ፌስታል ውስጥ ያንን ብርቱካንማ ጠርሙስ አንስቼ መስፈሪያው ላይ መቅዳት ጀመርኩ። እማማ አስካለ እጄን ያዙኝ። «ቆይ ሙሉ» አሉ። «ሆዷ አልቀበልም እያለ ነው፤ አታዪም? ይኼ ጆሮ አይደለም።» ረድኤት ከጎድን አጥንቷ በታች ቀኝ ጎኗን ይዛ ተጠቅልላ ተኝታለች። ስጠራት አልመልስ አለችኝ። ያኔ ነው ወደ ሆስፒታል የሮጥነው። እጄን ባይዙኝ ኖሮ፣ ኋላ እንደተቆጠረው፣ አሥራ ሰባተኛውን ስፍር የምሰጣት እኔ ነበርኩ።

የድንገተኛው መጠበቂያ አግዳሚው ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከእነዋሪ የመጣች ሴት ክንዱ የተሰበረ ልጅ ይዛ ተቀምጣለች። ረድኤትን አየቻትና ወደ ልጇ ዞረች። «የኔ ጌታ፣ አንተ ትንሽ ትችላለህ አይደል?» አለችው። ልጁ ጥርሱን ነክሶ ራሱን ነቀነቀ። ወረፋዋን ለኛ ሰጠችን። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። አሁን ልጆች በሚበዙበት ቦታ ሁሉ እፈልጋታለሁ፣ መልኳን ግን በደንብ አላስታውሰውም።

ሐኪሟ ወጣት ናት። የረድኤትን ሆድ ዳሰሰች፣ የዓይኗን ነጭ አየች፣ የክሊኒኩን ወረቀት አንብባ አጥፋ አስቀመጠችው። ከዚያ ወንበሯን ወደኛ አዞረች።

«ከሐሙስ ጀምሮ በአፏ የገባውን ሁሉ ንገሩኝ» አለች። «ምግብም፣ ጠበልም፣ የባህል መድኃኒትም ይሁን። አልቆጣም።»

እማማ አስካለ ፌስታሉን ከነጠላቸው ሥር አወጡ። ከኔ ቤት ስንወጣ መያዛቸውን አላየሁም ነበር። ሦስቱን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ብርቱካንማ። በየጠርሙሱ አንገት ላይ ክር ታስሯል፣ ክሩ ላይ ደግሞ ቋጠሮ አለ።

«ይኼ ክር ምንድነው እማማ?» አለች ሐኪሟ።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም ልጄ። እንዳልሳሳት ብዬ፣ በሰጠኋት ቁጥር አንድ እቋጥራለሁ። በቀን ከአራት አይለፍ ብለውኛል፣ አላለፍኩም። ከየጠርሙሱ ከአራት አላለፍኩም።»

ሐኪሟ ክሮቹን በጣቷ እየዳሰሰች ቆጠረች። ሰባት፣ አምስት፣ አራት። ከዚያ ቀዩን ጠርሙስ አንስታ ወደኔ አዞረችው። «ከትልቁ ስም በታች በትንሹ የተጻፈውን አንብቢልኝ» አለችኝ።

ፓራሲታሞል ይላል። ነጩን ሰጠችኝ። ስሙ ሌላ ነው፣ ከሥሩ ግን ፓራሲታሞል ይላል። ሦስተኛውን እኔው አነሳሁት። የገዛሁት እኔ፣ የላክሁት እኔ፣ ያላነበብኩትም እኔ ነኝ። ፓራሲታሞል። የኔው ደግሞ በአንድ መስፈሪያ የሚይዘው ከሌሎቹ እጥፍ ነበር።

«ስሙን የሚያወጣው ፋብሪካው ነው፣ መድኃኒቱ ግን አንድ ነው» አለች ሐኪሟ። «ለልጅ ቀላል ሕመም፣ ለጆሮም ለጥርስም ለትኩሳትም፣ በጣም የምናምነው መድኃኒት ነው። በክብደቷ ልክ ከሆነ አይጎዳትም። ከልኩ ሲያልፍ ግን ጉበቷ ላይ ነው የሚወድቀው። ጉበት ደግሞ ሲጎዳ ቶሎ አይናገርም። እስከ ዛሬ ጠዋት ከስምንት ማለፍ ያልነበረበት አሥራ ስድስት ሆኗል።»

እማማ አስካለ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አዩዋቸው። «አንድ ናቸው?» አሉ። «ታዲያ ቀለማቸውን ለምን ለያዩት?»

ደሟ ተመረመረ። የጉበቷን ጉዳት የሚያሳየው ቁጥር ከፍ ብሏል። ማርከሻ አለው ተባለ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ግን አልቆ ነበር፤ ከተማውን ዞሬ አንድ የግል ፋርማሲ ውስጥ አገኘሁት። በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት ነው፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። በጭማቂ ቀላቅዬ አቀረብኩላት። ረድኤት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እማ ትስጠኝ» አለች።

እማማ አስካለ ወደ ኋላ አሉ። «እኔ ከእንግዲህ አልሰጥም፤ ይኼ እጅ አይበቃውም?» አሉ። ነርሷ ኩባያውን ከኔ ተቀብላ ለእሳቸው ሰጠቻቸው። «ከእርስዎ እጅ ነው የምትቀበለው፣ ይስጧት» አለቻቸው። ኩባያውን ወደ አፏ አስጠግተው ሰጧት። አፍንጫዋን ይዛ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። እኔ አልጋው ራስጌ ቆሜ ነበር። ቀናሁ። ልጄ ልትሞት ትችላለች እየተባለ እኔ ቀናሁ።

የመጀመሪያውን ሌሊት አልተርከውም፤ ልጁን ሆስፒታል ያስተኛ ወላጅ ያውቀዋል። እሑድ ቁጥሩ ጨመረ። «ነገም ከጨመረ ወደ አዲስ አበባ እንልካታለን» አሉን። ሰኞ ባለበት ቆመ። ሰኞ ከሰዓት እማማ አስካለ ኮሪደሩ ላይ ጠሩኝ። ሁለት ቀን ምግብ የሚባል አልቀመሱም፣ ፊታቸው ጠቁሯል።

«ሙሉ» አሉኝ፣ «እግዜር ካተረፋት ልጅሽን ውሰጂ። እኔ ዘንድ አትመለስም። ልገድላት ነበር።»

አራት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው። ሦስት ጊዜ ጠይቄ የተከለከልኩትን ራሳቸው አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ያን ጊዜ ማለት የነበረብኝን አውቃለሁ። የዓርቡን ስልክ፣ ነጩን አሁን ሰጥቻታለሁ ሲሉኝ ያልኳቸውን ሁሉ አስታውሳለሁ። አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። «እሺ እማማ» ብቻ አልኩ። ማታ ቤት ሄጄ የትንሿን አልጋ አንሶላ ቀየርኩ፣ ትራስ ገዛሁ፣ ግድግዳው ላይ የአበባ ሥዕል ያለበት ወረቀት ለጠፍኩ። እየዘመርኩ ነው የሠራሁት። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ማክሰኞ ቁጥሩ ወረደ። ረድኤት ገንፎ ጠየቀች፣ የሰጠኋትንም ገንፎ «ጨው የለውም» አለች፤ ነርሶቹ ሳቁ። ሐሙስ ልትወጣ ሆነ። ሐኪሟ የመውጫ ወረቀቱን እየሞላች ጠየቀችን።

«ይኼን ብርቱካንማውን ማን ነው የገዛላት? ጠንከር ያለ ስለሆነ የገዛው ሰው ለሌላም ልጅ እንዳይሰጥ ልነግረው ብዬ ነው።»

«እኔው ነኝ» አሉ እማማ አስካለ። «ገበያ ወጥቼ ገዛሁት።»

እማማ አስካለ በሕይወታቸው ፋርማሲ ገብተው አያውቁም። ዞር ብዬ አየኋቸው። እሳቸው አላዩኝም፣ የረድኤትን ጫማ እያሰሩላት ነበር። ያወቁት ዛሬ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃሉ። ይስጧት ያልኳቸው እኔ እንደሆንኩ እያወቁ ነው ልገድላት ነበር ያሉኝ።

«ዶክተር፣ የገዛሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ሌላ ሰጥቻታለሁ ሲሉኝ፣ ግድ የለም ይስጧት ያልኩት እኔ ነኝ። ይጨምሩላት ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ሐኪሟ ሁለታችንንም አየች። አልፈረደችም፣ አልተቆጣችም። ባዶ ወረቀት አውጥታ የመድኃኒቱን ስም በትልቁ ጻፈችልኝ። ከሥሩ ደግሞ የረድኤትን ክብደት፣ ለእሷ የሚበቃውን ልክ፣ በሁለት ስፍር መካከል ያለውን ሰዓት ጻፈች። «አንድ ጠርሙስ፣ አንድ ሰጪ» አለችኝ። «መስፈሪያው የራሱ ይሁን፣ የሻይ ማንኪያ አይሆንም። አዲስ ጠርሙስ ሲመጣ በመጀመሪያ ትንሹን ጽሑፍ አንብቢ። ሕመሙ ቀላል ከሆነ ደግሞ ሁልጊዜ መድኃኒት አይጠይቅም፤ ማቀፍም፣ ማጫወትም ያስታግሳል።» የመጨረሻውን ስትል ወረቀቱን እያየች ነበር፣ እኔ ግን ለኔ ያለችው መሰለኝ።

በር ላይ ስንደርስ «ለምን እንደዚያ አሉ እማማ?» አልኳቸው።

«አያት ተሳሳተች ቢባል ይረሳል» አሉኝ። «እናቷ ናት ከተባለ ግን ልጅቷ ስታድግ ሰው ይነግራታል። ስሙ ለኔ ይቅር ብዬ ነው። ውሰጃት ያልኩሽ ግን ከልቤ ነው። እኔ ፈርቻለሁ ሙሉ።»

ለክትትል አንድ ሳምንት እኔ ጋ ተቀመጡ። ረድኤት በትንሿ አልጋ፣ እማማ አስካለ በኔ አልጋ፣ እኔ መሬት አንጥፌ። በዓመታት ውስጥ ያን ሳምንት ያህል የጣመኝ እንቅልፍ የለም። የጉበቷ ቁጥር ወደ ቦታው ሲመለስ፣ እማማ አስካለ ሻንጣቸውን ብቻቸውን ማሰር ጀመሩ። እኔ የረድኤትን ልብስ አምጥቼ አብሬ ከተትኩ።

«በፍርሃት የሰጡኝን አልቀበልም» አልኳቸው። «ሌሊት ሥራ ስገባ አቅፎ የሚያስተኛት እስካሁንም የለም። ወደ ቀን ሽፍት እንዲያዞሩኝ አመልክቻለሁ፣ እስኪመለስልኝ ይያዙልኝ። ከዚያ ግን መጥቼ ነው የምወስዳት።» አልተከራከሩኝም። መናኸሪያ ስሸኛቸው ረድኤት እንደ ድሮዋ እጇን አውለበለበችልኝ። እንደ ድሮዋ አላለቀሰችም። ቤት ተመልሼ አልጋው ላይ ልብስ አላስቀመጥኩም፤ አንሶላውን ሳልነካ ተውኩት። የማመልከቻዬ መልስ እስከ ዛሬ አልመጣም።

እትዬ ጥሩወርቅ ነገሩን ሲሰሙ ሦስት ቀን እንዳለቀሱ ሰምቻለሁ። እማማ አስካለም አሁን ጠያቂ መድኃኒት ይዞ ሲመጣ በሩ ላይ ተቀብለው «ጤና ጣቢያ ሳይታይ አይከፈትም፣ አትቀየሙኝ» ይላሉ። የሚቀየም አለ። ይቀየም።

ከሁለት ወር በኋላ ስልክ ደወለ። «ሙሉ፣ ረዱ ጥርሷን አመማት፤ የሚነቃነቅ ጥርስ አለ» አሉኝ እማማ አስካለ። ሌላ ምን እንደወሰደች ጠየቅኋቸው። ምንም። መቼ እንደጀመራት ጠየቅሁ። ጠዋት። ፊቷ አብጦ፣ ትኩሳት ይዟት እንደሆነ ጠየቅሁ። የለም። ከዚያች ከአንዷ ጠርሙስ፣ በልኳ፣ አንድ ጊዜ ይስጧት አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ሳላስበው ፋርማሲው በር ላይ ደረስኩ። ፋርማሲስቱ «ምን ልስጥሽ?» አለኝ። ትንሽ ቆሜ «ምንም» አልኩትና መናኸሪያ ሄድኩ። ብስኩት እንኳ አልገዛሁም።

ጎረቤላ ስደርስ ረድኤት ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጉንጯን ይዛለች። ባዶ እጄን አየችው።

«ምን አመጣሽልኝ?»

«ምንም።»

ትንሽ አሰበች። ከዚያ አፏን ከፍታ ጥርሱን በምላሷ እየነቀነቀች አሳየችኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ ጭኔ ላይ ወጣች። የሰጧት መድኃኒት ነው ወይስ ጭኔ፣ እንጃ፣ እያወራን ሳለ ሕመሙ ተዋት። ለጥርሱ ስም አወጣንለት፣ ለጎረቤቱም ጥርስ ስም አወጣንለት። የመጨረሻው መኪና ሊሞላ ነው ብለው እማማ አስካለ ጠሩኝ። ልነሳ ስል ረድኤት ቀሚሴን ያዘች።

«ሙሉ፣ ዛሬ እደሪ» አለችኝ።

ያን ዕለት ሌሊት ነበር የምገባው። አለቃዬ ጋ ደወልኩና አደርኩ።